የጋሽ ሄራሞ ሣር

ጋሽ ሄራሞ ማረፋቸውን የሰማሁት ከምባታ ውስጥ፣ ሺንሺቾ ከተማ ላይ ዝንጅብል ሳስጭን ነው። ጭነቱ ከግማሽ አልፏል። እንደ ልማዴ ከተሳቢው ኋላ ቆሜ፣ ጆንያው ወደ አንድ ወገን እንዳያደላ እየተቆጣጠርኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ ናት።

«ማቲዎስ፣ ጋሽ ሄራሞ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለችኝ።

ጫኞቹን «አቁሙ» አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ግማሽ ላይ ነን እኮ!» አለ ከላይ ያለው፣ ጆንያ እንደተሸከመ።

«አቁሙ አልኩ።»

በሹፌርነት ዘመኔ ሁሉ ጭነት ግማሽ ላይ አቁሜ አላውቅም። መኪናዬን ነጋዴው ግቢ ውስጥ ትቼ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሆሳዕና ጉዞ ጀመርኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለእኚህ ሰው በሕዝብ ፊት ልናገርላቸው የሚገባኝ ቃል ነበረብኝ። ቀኑን አንተው ምረጥ ብለውኝ ነበር። እኔ ስመርጥ እሳቸው ሞቱ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

የከምባታ ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬ ግን ሆሳዕና ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ያስተማርኩት ራሴን ራሴ ነኝ፦ ሞተር መፍታትና መግጠም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመኪና መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈቱ ማንበብ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መጻፍም ጭምር። ይህንንም ያረመልኝ ሰው የለም። ሆሳዕና ውስጥ ተሳቢ የሚነዳ ብዙ ነው፤ ተሳቢን በኋላ ማርሽ፣ አንዴም ወደፊት ሳይመልስ፣ በጠባብ በር የሚያስገባ ግን ከእኔ ሌላ አላየሁም። ለጉራ አይደለም የምለው። ያዩኝ ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ።

መኪናዋ የራሴ ናት፤ ነጂዋም ባለቤቷም እኔ ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ ዕድለኛ ይለኛል። የማያውቀው ነገር ግን አለ። ተቀጣሪ ሹፌር ሥራውን ሲጨርስ መኪናውን ድርጅቱ ግቢ አስገብቶ፣ ቁልፉን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንደ እኔ ያለው ሲያርፍ መኪናዋም አብራው ማረፍ አለባት፤ እሷ ደግሞ ማረፊያ የላትም። ቤቴ ያለው ሁለት ባጃጆች ሲተላለፉ አጥር የሚታከኩበት ቅያስ ውስጥ ነው። ተሳቢ የሚያህል ነገር እዚያ እኔም አላስገባም።

አስፋልት ዳር ሳቆማት ትራፊኩ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ከባድ መኪና እዚህ መዋል አይችልም።»

«የት ላድርጋት ታዲያ?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

ነዳጅ ማደያ ለመንኩ። ሁለት ቀን ቻሉኝና በሦስተኛው ተቆጣጣሪው መጥቶ «አባት፣ ነዳጅ ሊቀዱ ነው ወይስ ሊከርሙ?» አለኝ። ከከተማ ወጣ አድርጌ ሜዳ ላይ ስተዋት ባትሪዋን ፈቱብኝ፤ ሌላ ጊዜ ትርፍ ጎማዬን ወሰዱብኝ። ስለዚህ የዕረፍት ቀኔን ጋቢና ውስጥ እውል ጀመር፣ ከገዛ አልጋዬ ሦስት መቶ እርምጃ ርቄ። ሚስቴ ምሳዬን በሰሃን ሸፍና ታመጣልኛለች፤ ጭኔ ላይ አድርጌ እበላለሁ። ልጆቼ መጥተው በመስኮት ያዋሩኛል፤ ሲሰለቻቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ።

ጋሽ ሄራሞ ያገኙኝ እንዲህ ሆኜ ነው። እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ኮታቸውን በሙቀትም ቢሆን እስከ አንገታቸው ይቆልፉታል። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል፤ በሌላው እጃቸው ዘርግተውት አይቼ የማላውቀው ጥቁር ጃንጥላ አለ። መስኮቴ ሥር ቆሙና ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰውየው፣ ቤት የለህም እንዴ?»

«አለኝ። ያ ሰማያዊ በር ያለው።»

ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ሰሃኑን አዩ።

«ሚስትህ አባራህ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! መኪናዋን የምተውበት አጥቼ ነው።»

«ታዲያ አንተ ነህ የምትጠብቃት ወይስ እሷ ናት የምትጠብቅህ?»

«ተጠባብቀን ነው የምንውለው።»

ሳቁ። አሳሳቃቸው ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«አነጋገርህ ከምባታ ነው» አሉ።

«ነኝ።»

«ከምባታ ብልህ ነው ሲሉ እሰማ ነበር። ከገዛ ደጃፉ ተሰዶ የሚኖር ከምባታ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ምግብህን ጨርስና ሣሬ ላይ አምጣት።»

ሣሬ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የሀዲያን ቤት የማያውቅ ሰው አይገባውም። ከቤቱ ኋላ እንሰቱ አለ፤ ከቤቱ ፊት ደግሞ ሰፊ ሣር አለ፣ ታጥሮ፣ ታጭዶ፣ ተጠርጎ የሚኖር። ሠርግ እዚያ ነው። ሽማግሌ እዚያ ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ለቅሶ እዚያ ነው። ከቤቱ ሰው ሲሞት ሕዝቡ ከየወረዳው መጥቶ ቀናቱን ሙሉ የሚቀመጠው እዚያ ሣር ላይ ነው። ሣሩ ያልተከበረ ቤት ሬሳውም አልተከበረም ይባላል። በዚያ ላይ ጎማ ማሳረፍ ማንም ጤነኛ ሰው የሚፈቅደው ነገር አይደለም።

መኪናዋን ይዤ ስደርስ የጋሽ ሄራሞ ታናሽ ወንድም አቶ ሎምበሞ ከጎረቤት ግቢያቸው በትር ይዘው ወጡ። የተነጋገሩት በሀዲይሳ ነው። ቋንቋውን ራሴን አስተምሬ ስለምችል አንድ ቃል አላመለጠኝም።

«ሄራሞ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪና ነው።»

«መኪና መሆኑንማ አየሁ! ለቅሶ የምንቀመጥበት ሣር ላይ ጎማ?»

«ማን ሞተ?»

«ዛሬ ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው ዛሬ ሣሩ ባዶ ነው። ይሄ ሰው ደግሞ ልጆቹን የሚያያቸው በመኪና መስኮት ነው። ሰው የሞተብን ቀን ትወጣለች።»

አቶ ሎምበሞ በትራቸውን መሬት ላይ መትተው ተመለሱ። ጋሽ ሄራሞ በአጥሩ ጥግ አራት ድንጋይ አኖሩና ጎማዬ የት የት እንደሚያርፍ አሳዩኝ። እኔም በኋላ ማርሽ፣ በአንድ ጊዜ፣ ድንጋዮቹን ሳልነካ አገባኋት። አፋቸውን ከፍተው የሚያዩኝ መስሎኝ ዞር ስል እሳቸው የሚያዩት ጎማው ሥር ያለውን ሣር ነበር።

«ቁልፉን ስጠኝ» አሉኝ ከዚያ። «ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ይሰቀላል። የወንድሜ ልጅ አውቶቡስ ነጂ ነው። ሰው ከሞተብን እሱ ያወጣታል።»

«ጋሽ ሄራሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዚህችን መኪና መሪ ከእኔ ሌላ የነካው የለም፤ አይነካውምም።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ሸቀጥ እንደሚመዝን ሰው ነበር አስተያየታቸው።

«እሺ» አሉ። «ቁልፉ አንተው ዘንድ ይሁን። ግን እዚህ ባለችበት ቀን ሁሉ የት እንደምትውል ንገረኝ። ለቅሶ ቀጠሮ አይዝም።»

«ክፍያውስ?»

«ነገርኩህ እኮ። የምትውልበትን ትነግረኛለህ።»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ከልጆቼ ጋር አንድ ገበታ ቀረብኩ። ሚስቴ «እንግዳ መጣ» ብላ ቀለደችብኝ።

ወሬው በሹፌሮች ዘንድ ሲዳረስ ሌሎችም መጡ። አንዳንድ ጊዜ አራት፣ አንዳንድ ጊዜ አምስት ሆነን በአጥሩ ሥር እንሰለፋለን። የሁሉም ቁልፍ ከበሩ ኋላ ነው፤ የእኔ ብቻ ኪሴ ውስጥ። ጋሽ ሄራሞ ጠዋት ጠዋት ይዞሩናል። መኪና ነድተው አያውቁም፤ ነገር ግን በጃንጥላቸው ጫፍ እያንዳንዱን ጎማ መታ መታ አድርገው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን የተሳቢዬን የኋላ ጎማ መቱና «ይቺ እየተነፈሰች ነው» አሉኝ። እኔ ገና ጠዋት ስላየኋት የለም አልኳቸው። በመለኪያ ስለካት እውነታቸውን ነበር። በመኪና ነገር የረታኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሹፌር መኪናው አጠገብ ተጎልቶ ሲውል አይወዱም። «ቤትህ ግባ!» ይሉታል በጃንጥላው እያመለከቱ። «ስታያት ብትውል አትወልድልህም!»

ባለቤታቸው እትዬ አማረች ደግሞ ከዘይቱ ጋር ነበር ጠባቸው። መኪና በቆመ ቁጥር ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይዘው ይመጣሉ፤ ጎንበስ ብለው ከሞተሩ ሥር ጠብታው በሚወርድበት ልክ ያስቀምጡታል። «ሣሬን አታቃጥሉብኝ» ይሉናል። «የእኔ ሞተር አያንጠባጥብም፣ እትዬ» እላቸው ነበር። «እናያለና» ብለው እኔም ሥር አንድ ጣሳ ያኖሩ ነበር። ጣሳው ሁልጊዜ ባዶ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አንድ ሁለት ጊዜ ባዶ አልነበረም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሦስት ቀን ላርፍ የገባሁበት ሳምንት ነበር። መኪናዬ ባዶ ናት። ለጋሽ ሄራሞ «ቤቴ ነኝ» አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ቅባት ልሰጣት ፈለግሁ። ከሥሯ ለመግባት የአጥሩ ጥግ ስለዘነበበት ረግረግ ብሎብኛል፤ ስለዚህ አውጥቼ ሣሩ መሃል፣ ደልዳላው ላይ፣ አግድም አቆምኳት። ከሰዓት በኋላ ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ ብዬ ነው። ቅባቱን ጨርሼ እጄን ስጠርግ አንድ ሰው በሞተር ሳይክል መጣ። ሀቢቾ ከሚባል ገጠር ነው፤ ባለ ወፍጮ ነው። የወፍጮው ሞተር ቆሞበት ሁለት መካኒኮች ፈታተው አቅቷቸው ሄደዋል።

«ካንተ ሌላ የሚያውቅላት የለም ተባልኩ» አለኝ።

ይህችን ቃል ሰምቼ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ጋቢናውን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ ከኋላው ተቀመጥኩ። ለጋሽ ሄራሞ አልነገርኳቸውም፤ ጓሮ ነበሩ። ለሚስቴም አላልኩም። ሁለት ሰዓት የማይፈጅ ሥራ መስሎኝ ነበር። ስልኬን ጋቢናው ውስጥ መርሳቴን ያወቅሁት ሀቢቾ ስደርስ ነው።

ሞተሩ አስቸጋሪ ነበር። የነዳጅ ቧንቧው ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ አየር ይስብ ነበር፤ ያንን ያገኘሁት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። መካኒኮቹ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትተው ያላዩትን እኔ በሳሙና አረፋ አገኘሁት። ቧንቧውን እየበየድኩ ሳለ እህላቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ።

«እኔ ነገ ሆሳዕና ለቅሶ እወርዳለሁ። የሄራሞ ሚስት፣ አማረች፣ ትናንት ከሰዓት በድንገት አርፋለች። ዛሬ ጠዋት ቀበሯት።»

«ነፍስ ይማር። ሣራቸው መሃል አንድ ሹፌር መኪና ገትሮ ጠፍቷል የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው! ሬሳው እንኳ በመኪናው ጎን ዞሮ ነው የወጣው አሉ። ሲደውሉለት ስልኩ እዚያው ጋቢና ውስጥ ይጮሃል። ሕዝቡ እያለቀሰ ስልኩ ይጮሃል!»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ሰው ነው እንዴ?»

ከዚያ አንደኛዋ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ መኪና የሚያውቁ ይመስላሉ። ያለ ቁልፍ አይነሳም እንዴ?»

«አይነሳም» አልኳት።

እኔ ነኝ አላልኩም። ቧንቧውን ገጠምኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ወፍጮው ሲዞር ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ።

ባለ ወፍጮው መንገድ ዳር አውርዶኝ ሲመለስ ከሩቅ መኪናዬን አየኋት። በዙሪያዋ ሕዝብ ተቀምጧል። ከጭነት ማቀፊያዋ ላይ የነበረውን ትርፍ ሸራ ዘርግተው፣ አንዱን ጫፍ በጎኗ ባለው ስፖንዳ ላይ፣ ሌላውን ዛፉ ላይ አስረው ለሽማግሌዎቹ ጥላ ሠርተዋል። ጋሽ ሄራሞ ከሥሩ፣ ከተሳቢው ጎማ አጠገብ ተቀምጠዋል። ኮታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሳቸው ተነሡና መጥተው ክንዴን ያዙ።

«ደህና ነህ?» አሉኝ። «ቤትህ ብንልክ የለህም። አንድ ነገር አግኝቶህ እንዳይሆን ብለን ፈራን።»

ሚስታቸውን ቀብረው የተመለሱ ሰው ለእኔ ፈርተው ነበር። ያኔ ነው እውነቱን መናገር የነበረብኝ። የሕዝቡ ዓይን ግን ከበደኝ።

«እህቴ በድንገት ታማብኝ ሀቢቾ ሄጄ ነው» አልኩ። «ለሞት ደርሳ ነበር።»

ሀቢቾ እህት አለችኝ። ያን ቀን ግን ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነበረች።

መኪናዋን ላነሳ ቁልፌን ሳወጣ ጋሽ ሄራሞ እጄን ያዙ። «ተዋት። ዝናቡ እየመጣ ነው፤ ሰው ተጠልሎባታል።» ለቅሶው እስኪያበቃ መኪናዬ ሣሩ መሃል ቆመች። እኔም ከሥሯ፣ ከሕዝቡ ጋር ተቀመጥኩ።

ከሳምንት በኋላ ሽማግሌዎቹና ቤተዘመዱ እዚያው ሣር ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ሎምበሞ ከእንግዲህ አንድም ጎማ አይገባም አሉ። እኔንም ባለጌ አሉኝ፣ ፊት ለፊት። እውነት ነበር። ከአጥሩ ጥግ ሌሎቹ አራት ሹፌሮች ቆመው ያዳምጣሉ፤ መኪናቸው የምትወጣው በእኔ ምክንያት ነው።

ጋሽ ሄራሞ ተነሡ። በስብሰባ ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

«ሚስቴ ናት የሞተችው» አሉ። «ሰው ይቀየም ከተባለ የምቀየመው እኔ ነኝ። ይህ ሰው እህቱ ልትሞት ሆና ነው ሳይናገር የሄደው። ለዚህ ቃሌን እሰጣለሁ።»

የእሳቸው ቃል በዚያ አካባቢ በመሬት የተጣሉትን ያስማማ ነበር። መኪናዎቹ እዚያው እንዲቆዩ ተወሰነ። ይባስ ብሎ አቶ ሎምበሞ እየተንገታገቱ ከተቀመጡበት ተነሡና በሁሉ ፊት «ባለጌ ማለቴ ስህተት ነው። ይቅርታ አድርግልኝ» አሉኝ።

«ግድ የለም» አልኳቸው።

ግድ የለም አልኩ! ምንም ያላጠፋ ሰው እኔን ይቅርታ ጠይቆ እኔ ይቅር አልኩት።

ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ከመንገድ ገብቼ ጎማዬ ሥር ታኮ ሳስገባ ጋሽ ሄራሞ መጡ። ከኋላቸው እንሰቱ ላይ አንድ ጠቦት ታስሯል።

«ይህን ያመጣልህ የሀቢቾ ባለ ወፍጮ ነው» አሉኝ። «ወፍጮው ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቆመም አለኝ። አመስግንልኝ ብሏል። ‹የእርስዎ ባለቤት በተቀበሩበት ቀን፣ ሁሉ ለቅሶ ሲወርድ፣ እሱ ብቻ ሥራዬን ሳይጥል ጨረሰልኝ› ብሎ አመሰገነህ።»

ከጎማው ሥር ቀና ማለት አቃተኝ።

«እህትህ ደህና ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት።»

«ያኔም ደህና ነበረች?»

«ደህና ነበረች፣ ጋሽ ሄራሞ።»

አልጮሁም። ጃንጥላቸውን ተደገፉ። ከዚያ የተናገሩትን ሁሉ ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«በመኪናው አልተቀየምኩህም። መኪና ነው፤ ይቆማል፣ ይነሳል። በቃሌ ግን ተቀይሜሃለሁ። ወንድሜ አንተን ይቅርታ የጠየቀው በእኔ ቃል ነው። እኔ ነግሬው ባስተካክለው አንተ ከዚህ ትባረራለህ፤ ልጆችህንም እንደገና በመስኮት ታያለህ። ስለዚህ እኔ አልናገርም። አንተ ትናገራለህ። ሰው በተሰበሰበበት፣ እሱ ባለበት። ቀኑን አንተው ምረጥ።»

«እሺ» አልኳቸው።

ጠቦቱን እየጎተትኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ልጆቹ ደስ አላቸው። እኔ ከሥጋው አልቀመስኩም።

ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ቤተዘመዱ ሁሉ ሲሰበሰብ ጋሽ ሄራሞ ጠሩኝ። አቶ ሎምበሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ጨዋታው ሲደራ ጋሽ ሄራሞ «ማቲዎስ የሚለው ነገር ያለው ይመስለኛል» አሉ። ተነሣሁ። ሁሉም አየኝ። እኔም ተሳቢዬን ከነጭነቱ፣ ጎርፍ ግማሹን በወሰደው ድልድይ ላይ፣ በኋላ ማርሽ እንዴት እንዳሻገርኩ አወራሁ። ታሪኩ እውነት ነው፤ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ሄራሞም ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲሸኙኝ ግን «ጥሩ ነው» አሉኝ። «ሌላኛውን ግን አልነገርከንም።»

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ያ ነው የከበደኝ። ጎማዬን እንደ ድሮው በጃንጥላቸው ይመታሉ፤ የልጆቼን ትምህርት ይጠይቁኛል። እትዬ አማረች ስለሌሉ ጣሳውን ራሳቸው ጎንበስ ብለው ያኖራሉ። እኔ በየጊዜው ቀን እመርጣለሁ። ከመኸር በኋላ፣ አቶ ሎምበሞ ከሕመማቸው ሲያገግሙ፣ ሌሎቹ ሹፌሮች በሌሉበት ሳምንት። ሰው እንደሚፈራ ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው። ፍሬኑ በተበጠሰ መኪና ቁልቁለት ወርጃለሁ፤ እንደዚያ አልፈራሁም።

መጨረሻ ያየኋቸው ወደ ሺንሺቾ ልሄድ ስል ነው። በራቸው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ጉንፋን ነው አሉኝ። «ሺንሺቾ ነኝ፣ ነገ እመለሳለሁ» አልኳቸው። «ዝንጅብሉ ዘንድሮ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ጥሩ ነው» አልኳቸው። በእጃቸው ሂድ ሂድ አሉኝ።

ሆሳዕና ስደርስ ሣሩ በሕዝብ ሞልቷል። መኪናዎቹ ሁሉ ወጥተዋል፤ የአውቶቡስ ነጂው ቁልፎቹን ከምስማር አውርዶ ገና በጠዋቱ አውጥቷቸው ነበር። መዘምራኑ ዘምረው ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌ ስለ ሟቹ የሚናገር ካለ ይናገር አሉ። አንዱ ስለ ደግነታቸው ተናገረ፤ ሌላው መሬቱን ሳያዳሉ እንደዳኙለት ተናገረ። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ ለመሄድ ዞርኩ፤ ማንም አላየኝም፤ ብሄድ ነገሩን የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አልነበረም። ባለ ወፍጮውም ያደረገውን አያውቅም። ጋሽ ሄራሞ ይዘውት ሄደዋል።

ያ ነው የመለሰኝ። ይዘውት እንዲሄዱ አልፈለግሁም።

በሰዉ መሃል አልፌ ፊት ቆምኩ። በሀዲይሳ ጀመርኩና ሲያቅተኝ በአማርኛ ጨረስኩት። እትዬ አማረች ባረፉ ቀን እህቴ እንዳልታመመች ነገርኳቸው። ወፍጮ ልሠራ ሄጄ እንደነበር፣ እዚያ ሆኜ ለቅሶውን ሰምቼ እኔ ነኝ እንዳላልኩ፣ ዋሽቼ ጋሽ ሄራሞን በውሸቴ ላይ ቃል እንዳስገባኋቸው ነገርኳቸው። «እሳቸው አልዋሹም» አልኩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ካወቁ በኋላ ተናገር አሉኝ፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት።»

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ። አቶ ሎምበሞ ከአስከሬኑ ሳጥን አጠገብ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ዓይናቸውን ከበትራቸው ላይ አንሥተው አዩኝ።

«ያኔ ይቅርታ ጠይቄሃለሁ» አሉኝ።

«አዎ፣ ጠይቀውኛል።»

«መልስልኝ።»

ለቅሶ ላይ ሳቅ አይገባም፤ ግን ከኋላ አንድ አዛውንት ሳቁ፣ ሌሎችም ተከተሏቸው። አቶ ሎምበሞ አልሳቁም። ይጠብቃሉ።

«መለስኩልዎ፣ አቶ ሎምበሞ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ከጉልበቴ ጎንበስ አልኩ። በዕድሜዬ ለማንም እንደዚያ ጎንበስ ብዬ አላውቅም።

ወደ ወንድማቸው ሳጥን ዞረው አዩ። ከዚያ ከአግዳሚው ላይ ትንሽ ሸሸት አሉና አጠገባቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ስለ መኪና ማንም አላነሳም፤ እኔም አላሰብኩትም። ቀጥሎ የመጣው የለቅሶ ቡድን ከአጥሩ ውጭ መዝሙር ሲጀምር አቶ ሎምበሞ ሊቀበሏቸው ለመነሣት እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ክንዳቸውን ይዤ አነሣኋቸውና አብረን ወጣን።